ገና ያልተሠራ ቤት፦ ገዢው ምን ይገዛል?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን በሻይ ሰዓት የምንከራከርበት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአያት ወይም በለገጣፎ አቅጣጫ፣ በሥዕል ያማረ፣ መሠረቱ ግን ገና ያልወጣ ታውን ሀውስ በቅድመ ክፍያ መዋዋል ይበጃልን?

ጥቅሙን ማቃለል አይገባም። ዋጋው ካለቀለት ቤት ይቀንሳል፤ ክፍያውም ይከፋፈላል። የረጅም ጊዜ የቤት ብድር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ለደመወዝተኛ ትልቅ በር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ አስቀድሞ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ዕድለኛ ይመስላል።

«ይመስላል» ማለቴ በምክንያት ነው። ከውጭ የሚገባው የግንባታ ዕቃ ሲወደድ የገዢው ትርፍ የገንቢው ኪሳራ ይሆናል። ገንቢው ኪሳራውን መሸከም ካቃተው ሥራውን ያቆማል፤ አለዚያም ጭማሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ቁርጥ ዋጋ የሚጠቅመን ገንቢው እስከ መጨረሻው መቆም ከቻለ ብቻ ነው። ጥቅሙና ስጋቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ይህን የምናገረው ከንባብ ብቻ አይደለም። እኔና ባለቤቴ በሁለት ዓመት እንረከባለን ያልነውን ቤት የተረከብነው በአምስተኛው ዓመት ነው። ሦስቱን ዓመታት ኪራይና የቤት ክፍያ በአንድ ደመወዝ ላይ ተደራረቡ። ውሉን መልሼ ሳነበው የእኛ መዘግየት የሚያስከትለው ቅጣት በመቶኛ ተጽፏል፤ የገንቢው መዘግየት ግን «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» በሚል ሰፊ ሐረግ ተሸፍኗል። የፈረምኩት እኔው ነኝ።

ለመሆኑ በዚያ ፊርማ የገዛነው ምን ነበር? በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። መሬቱም ቢሆን የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገንቢው የያዘው የሊዝ መብት ነው። እንግዲህ ካርታው በስማችን እስኪዞር ድረስ በእጃችን ያለው ቤት ሳይሆን ተስፋ ነው። በግልጽ ቋንቋ፣ ገዢ ተብለን ያለ መያዣ አበዳሪ ሆነናል፤ የዋጋው ቅናሽም የብድራችን ወለድ ነው።

አበዳሪ የሚጠይቀውን እንጠይቅ። የሊዝ ይዞታው በማን ስም ነው? በባንክ ዕዳ ተይዟልን? የግንባታ ፈቃድ ወጥቷልን? ገንቢው ከዚህ ቀደም ያስረከባቸው ነዋሪዎች ምን ይላሉ? ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ነው ወይስ በተጠናቀቀ ሥራ? መንገድ፣ ውኃና መብራት በውሉ ተካተዋልን? በከተማ ዳርቻ ያለ ቤት ያለ እነዚህ ቢያልቅም አይኖርበትም።

ሒሳቡንም አስቀድመን እንሥራ። ለምሳሌ ወርኃዊ ኪራዩ 40,000 ብር ቢሆን፣ የሁለት ዓመት መዘግየት 960,000 ብር ይወስዳል። ቅናሹ ከዚህ ካልበለጠ ያለቀለትን ቤት መግዛት ይሻላል።

አትግዙ አልልም፤ እኔም ዛሬ የምኖረው በዚያው ቤት ነው። ነገር ግን መዘግየቱን ችሎ የሚያሳልፍ ገንዘብ ያልያዘ ሰው፣ ቅናሹ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ባይፈርም ይሻለዋል።