ስለ ባለ ወረፋው ኤስ ፒ አይ

(ኮምቦልቻ ላይ ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሁሉ የመናኸሪያውን ተራ አስከባሪ ያውቀዋል። መኪናዎቹ አንድ ጊዜ ተራ ከያዙ በኋላ ኃላፊው በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን መሸኘት አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ተራ አስከባሪው ቁልቁለቱን አያሳጥረውም። ዛሬ የምንናገርለት ባለ ወረፋ ኤስ ፒ አይም እንዲሁ ነው። ብዙ ጓደኞቻችን ግን ፍጥነት የሚጨምር ይመስላቸዋል።

ኤስ ፒ አይ ማይክሮኮንትሮለር በአጠገቡ ካሉት ክፍሎች ጋር በአራት ሽቦ የሚነጋገርበት ዘዴ ነው። አንዱ ሽቦ የሰዓት ምት ይሰጣል፤ አንዱ ይልካል፤ አንዱ ይቀበላል፤ አራተኛው ተረኛውን ይመርጣል። በእያንዳንዱ ምት አንድ ቢት ሲወጣ አንድ ቢት ይገባል። እንግዲህ ምቱ በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቢሆን፣ 16 ቢት ያለው ቃል 16 ማይክሮሴኮንድ ይፈጃል። ወረፋ ከሌለ ፕሮሰሰሩ አንዱን ቃል ሰጥቶ ይጠብቃል፤ ወይም በየቃሉ ሥራውን እያቋረጠ ይመለሳል።

የሞቶሮላው 68332 ይህን ድካም ያቃለለው 80 ባይት ሜሞሪ ለዚሁ ሥራ ብቻ በመመደብ ነው። 32ቱ ባይት የሚላኩት 16 ቃላት፣ 32ቱ የሚመጡት መልሶች፣ የቀሩት 16 ደግሞ የትእዛዞች ማስቀመጫ ናቸው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከአንድ ቃል ጋር ተጣምሮ የትኛው ክፍል እንደሚመረጥ፣ ከልውውጡ በኋላ ጥቂት መቆየት ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የመምረጫውም ሽቦ እንደ ተያዘ ይቀር እንደ ሆነ ይናገራል። ፕሮሰሰሩ ይህን አንድ ጊዜ ጽፎ፣ የወረፋውን መጀመሪያና መጨረሻ አመልክቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። 16ቱ ቃላት መቆያው ሳይቆጠር በ256 ማይክሮሴኮንድ ሲያልቁ አንዲት ምልክት ቢት 1 ትሆናለች፤ ከተፈለገም ፕሮሰሰሩ በኢንተራፕት ይጠራል።

(በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ኪው ኤስ ፒ አይ ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በአራት የዳታ መስመር ከፍላሽ ሜሞሪ ጋር የሚገናኘው ነው። እርሱ በእውነት ያፈጥናል፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ነገራቸው ሌላ ነው።)

ነገሩ ቀላል መስሎን ስምንት የሙቀት ሴንሰሮች በአንድ ኤ ዲ ሲ ላይ አገናኘን፤ በወረፋው ላይም ስምንት ትእዛዝ ጻፍን። በደሴ ብርድ ሦስተኛውን ሴንሰር በእጃችን ጨብጠን ስናሞቀው፣ ከፍ ያለው የአራተኛው ቁጥር ሆነ! ሦስት ቀን ሙሉ ሽቦ ስንነቅልና ስንተክል፣ ዕቃውን የሸጠልንንም ሰው ስናማ ቆየን። ለካ ጥፋቱ የእኛ ነው። መመሪያውን ብናነብ ኖሮ፣ ያ ኤ ዲ ሲ ትእዛዝ በሚቀበልበት ልውውጥ የሚመልሰው የቀደመውን ልኬት መሆኑን እናውቅ ነበር። ቢት ሲገባ ቢት ይወጣል ብለናልና፣ ገና ያልለካውን ከየት ያምጣ? ወረፋው ግን መልሱን በመጣበት ተራ በታማኝነት አስቀመጠው፤ የማን መልስ እንደ ሆነ መጠየቅ ሥራው አይደለም።

ስለዚህ ወረፋውን ከስምንት ወደ ዘጠኝ አሳደግነው። የመጀመሪያውን መልስ እንጥላለን፤ ካለፈው ዙር የተረፈ ነውና። ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ስምንቱ መልሶች የስምንቱ ሴንሰሮች ናቸው። ሰሌዳው እነሆ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ሦስተኛውን ሴንሰር ጨብጦ መሞከር የሚወድ ይቅረብ።