ለዓይን የሚሆን ገንዘብ ስብሰባ አይጠብቅ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ይዘን የመጣነው የገቢና ወጪ ሪፖርት ብቻ አይደለም። ስለ ሕክምና ድጋፍ ገንዘባችን አንድ የውሳኔ ሐሳብም አለን።

ከገርጂ አባሎቻችን አንዷ በልብስ ስፌት ትተዳደራለች። በአንድ ዓይኗ ጥግ ብልጭ ብልጭ ይልባት ጀመር፤ ጥቁር ነጠብጣብ ተከተለ፤ ከዚያም መጋረጃ የመሰለ ጥላ መጣ። ስላላመማት «ሞራ ይሆናል፣ ለፋሲካ የተቀበልኩትን ሥራ ላስረክብ» ብላ ቆየች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ሬቲናዋ ተላቆ ነበርና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ተመልሶም ተለጠፈ። ዛሬ በዚያ ዓይኗ ሰው ትለያለች፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን አልሆነላትም።

«ተሳካ ከተባለ ለምን በደንብ አታይም?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ሬቲና ከዓይን ኋላ ያለ ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ነው። ሲቀደድ ፈሳሽ ከሥሩ ይገባና ከሚመግበው ክፍል ይለየዋል። ፊደልና የመርፌ ቀዳዳ የሚያሳየን መካከለኛው ክፍል ማኩላ ይባላል። ማኩላው ሳይላቀቅ የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ እይታው ይተርፍለታል። ከተላቀቀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። ሞራ ወራት ቢጠብቅ ይታከማል፤ ሬቲና አይጠብቅም።

ስለዚህ በእኛ ሙያ አነጋገር ውጤቱ ሁለት ዓምድ አለው፤ «ተለጠፈ» እና «አየ»። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ዡል ጎናን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀዳዳውን መድፈን እንደሚያድን እስኪያሳይ ድረስ ይህ ሕመም በአብዛኛው ያሳውር ነበር። ዛሬ በጊዜ ከደረሱ ዓይኖች ከ10 ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ በአንድ ቀዶ ሕክምና ይለጠፋሉ። ሲዘገይ ግን ጠባሳ እየበቀለ ሬቲናውን መልሶ ይጎትተዋል። በአገራችን ብዙ ታካሚ የሚደርሰው ማኩላው ከተላቀቀ በኋላ ነው። የዓይን ሐኪሞች ከሚሠለጥኑበት፣ የካ ከሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለእኛ ለቦሌዎቹ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ የሚያርቀን አለማወቅና የገንዘብ ነገር ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንጠይቃለን፦

አንደኛ፣ ለድንገተኛ የዓይን ሕመም የሚወጣ ገንዘብ ወርሃዊውን ስብሰባ ሳይጠብቅ በሊቀመንበሯና በገንዘብ ያዧ ፊርማ በዕለቱ ይውጣ፤ ሪፖርቱ በቀጣዩ ስብሰባ ይቅረብ።

ሁለተኛ፣ በጀቱ ቀዶ ሕክምናውን ብቻ አያስላ። ዓይን ውስጥ የሲሊኮን ዘይት ከተደረገ ብዙውን ጊዜ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ክትትል፣ ትራንስፖርትና በግንባር ተደፍቶ የሚታለፍ ሥራ አልባ ቀን አለ። ለእህታችን ብርቱ ወጪ የሆነባት ይኸው ነበር።

ሦስተኛ፣ የየቡድኑ መሪዎች ምልክቶቹን በቡና ላይ ያስታውሱ፤ በተለይ ሩቅ ለማየት ለሚቸገሩ፣ ሞራ ለተገፈፈላቸውና ዓይናቸው ለተመታ። ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ የተደረገላቸውም ጋዙ ሳይጠፋ በአውሮፕላን መሄድ የለባቸውም፤ አየሩ ሲሳሳ ጋዙ ይሰፋልና። እንጦጦ ጸበል ለመውጣትም አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ደጋፊዎቻችን፣ የምትሰጡን ብር በሰዓቱ ሲደርስ የአንዲት እናት እንጀራ ይተርፋል። እህቶቻችን፣ ሐሳቡን ከደገፋችሁ እጃችሁን አውጡልን።