ከፎቶው በኋላ ያለው ሒሳብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት ከሰዓት በኋላ እናቀርባለን። አሁን በተሰጠን አጭር ጊዜ ልናነሣ የፈለግነው በሪፖርቱ ውስጥ ዓምድ ያልተሰጠውን ነገር ነው፤ ታዋቂ ሰዎች፣ አርቲስቶች፣ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ለአካል ጉዳተኞች ስለሚሰጡት ስጦታ። ከመካከላችን አካል ጉዳተኛ የሆንን አለን፤ አካል ጉዳተኛ ልጅ የምናሳድግም አለን። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ራሳችን ቤት ነው።

ሥነ ሥርዓቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባነር ይሰቀላል፤ ዊልቸሮቹ ላስቲካቸው ሳይገፈፍ ይደረደራሉ፤ ተረካቢዎቹ ከጧት ጀምረው ይጠብቃሉ። እንግዳው ይመጣል፣ ንግግር ያደርጋል፣ የአንዷን እጅ ይዞ ፎቶ ይነሣል፤ ማታ በዜና ይታያል። እኛ የሒሳብ ሰዎች በማግሥቱ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ እንቆርጣለን፤ ስጦታው በዓይነት የተገኘ ገቢ ተብሎ በግምት ዋጋው ይመዘገባል።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። የሰፈራችን መንገድ ወይ ኮብልስቶን ነው ወይ ጭቃ፤ የፊት ጎማው ኩሽኔታ ይበላል። ጎሚስታው ያየውና «የዚህ ልክ እኛ ጋ የለም» ይላል። ለመለዋወጫ በጀት የያዘ ለጋሽ እስካሁን አላጋጠመንም፤ ኩሽኔታ ሲቀየር ፎቶ የሚያነሣ የለማ! ዊልቸሩ ጓዳ ይገባል፣ ቀስ በቀስ ልብስ ማስቀመጫ ይሆናል። በመዝገባችን ግን አሁንም ንብረት ነው፤ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እናሰላለታለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 አቅማቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ዊልቸር እንዴት እንደሚሰጥ መመሪያ አውጥቷል። ሥራውን በስምንት ደረጃ ይከፍለዋል። ተጠቃሚዋ ትላካለች፤ ሁኔታዋ ይመረመራል፣ ልኳ ይወሰዳል፤ የሚስማማት ዓይነት ይታዘዛል፤ ገንዘብ ተገኝቶ ይገዛል፤ ይዘጋጃል፤ ተቀምጣበት ከሰውነቷ ጋር ይስተካከላል፤ አጠቃቀሙን ትሠለጥናለች፤ በመጨረሻም ክትትልና ጥገና ይደረግላታል። ፎቶ መነሣት ከስምንቱ ውስጥ የለም። ለቀሚስ እንኳ ልካችንን እንለካለን እኮ! ልኩ ያልሆነ ዊልቸር ገላን ያቆስላል። ሰረሰሯ ተጎድቶ ከወገቧ በታች ለማይሰማት ሴት ያ ቁስል ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል።

ይህን ስንል ታዋቂ ሰዎች አይምጡብን ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 የእንግሊዟ ልዕልት ዲያና አንጎላ ሄዳ፣ ሁዋምቦ አካባቢ ፈንጂ በሚጸዳበት ሜዳ መከላከያ ልብስ ለብሳ ተራምዳለች። ሉዋንዳም ውስጥ በፈንጂ እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበትን ቦታ ጎብኝታለች። እሱም ቢሆን ለካሜራ የተደረገ ነው፤ ለፎቶ አንሺዎቹ ስትል ሜዳውን ደግማ ተራምዳለች። ልዩነቱ ያለው ከካሜራው ኋላ ነው። ፈንጂ በዓለም እንዲታገድ የሚጠይቅ ዘመቻ ከ1992 ጀምሮ ነበር፤ በፈንጂ የተጎዱ ሰዎችም ራሳቸው ይናገሩበት ነበር። እሷ የተጀመረ ሥራ ላይ መጥታ ፊቷን አዋሰች። በአገሯ ከመንግሥት ወገን ሲተቿትም አላፈገፈገችም። በነሐሴ ወር መጨረሻ ዐረፈች፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ 122 አገሮች በኦታዋ የፈንጂ እገዳውን ስምምነት ፈረሙ። አገራችንም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች፤ በ2004 አጸደቀችው። ስምምነቱ በስድስተኛው አንቀጹ ስለ ተጎጂዎች ሕክምና፣ ተሐድሶና ወደ ኑሮ መመለስም ይናገራል። ስምምነቱ የእሷ ሥራ ነው አንልም። ፎቶው ግን ሥራውን አግዟል።

በሌላ በኩል አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጄሪ ሉዊስ አለ። ከ1966 እስከ 2010 በየዓመቱ የጡንቻ መድከም ሕመም ላለባቸው ሰዎች በቴሌቪዥን ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። በድምሩ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ገብቷል፤ ምርምርና ክሊኒክ ተደግፎበታል፤ በሒሳብ ዓይን ካየነው የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ከተቃወሙት ሰዎች መካከል ልጆች ሳሉ ፎቷቸው ለዚያው ገንዘብ ማሰባሰቢያ የዋለ ይገኙበታል። «ሰው ለገንዘብ ብሎ እንዲያዝንልን ተደረግን፤ ያዘነልን ሰው ደግሞ ሥራ አይቀጥረንም» ነበር የክርክራቸው ፍሬ ነገር። ሉዊስ በ1990 በአንድ መጽሔት ላይ ሕመሙ እሱን ቢይዘው ብሎ ሲጽፍ፣ ግማሽ ሰው ሆኖ መኖርን መልመድ እንደሚኖርበት ገለጸ። ልቡ ክፉ ነበር ብለን አናምንም። በዚያው ዓመት ማርች ወር ግን 60 ያህል አካል ጉዳተኞች በዋሽንግተን ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን መሬት ላይ ትተው፣ የምክር ቤቱን ደረጃ እየተሳቡ ወጡ። በጁላይ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተፈረመ።

በእኛ አገር ደግሞ ስጦታንና መብትን ሕግ ራሱ ለያይቷቸው ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ዊልቸር ማደል ይቻላል፤ ዊልቸሩ የሚወጣበት ራምፕ የታለ ብሎ መሟገት ግን አይቻልም። የሚገርመው በዚያው ዓመት የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። የመጀመሪያው አዋጅ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፤ እንግዲህ አፋችንን የሚይዝ ሕግ የለም። ልማዱ ግን አለቀቀንም።

ለምሳሌ ከዚህ ቀደም ስጦታ ካበረከቱልን ድርጅቶች አንዱ ዘንድ አንዲት አባላችን ለገንዘብ ያዥነት አመለከተች። ዲፕሎማ አላት፣ ልምድ አላት። ፈተናው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለም። ጥበቃው «ወንድ ጠርቼ ላሸክምሽ» አላት። ሰውየው ደግ ነው፤ እሷ ግን ተመልሳ ወጣች። አዋጅ ቁጥር 568/2000 እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይስጥ ይላል፤ እሷ የፈተናው ወረቀት ጋ እንኳ አልደረሰችም። የድርጅቱ ኃላፊ ከእኛ ጋር የተነሡት ፎቶ እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቅሏል።

ስለ ፎቶው ካነሣን፣ ለምን እምቢ አትሉም የሚሉን አሉ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። የሰጠሽን ሰው፣ ያውም በሰው ፊት፣ «ፊቴን አታንሣ» ማለት ይከብዳል። አንዷ እናት ልጇ በዜና ከታየች በኋላ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ሳምንት ሙሉ ቤት ዋለች፤ ጓደኞቿ «የተመጸወተችው» አሏት። በሃይማኖታችንም ቢሆን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በስውር መስጠት የከበረ መሆኑን ያውቃል።

ስለዚህ የሥራ አመራሩን አስፈቅደን አንድ ቅጽ አዘጋጅተናል። ማንም ስጦታ ይዞ ሲመጣ፣ ስሙ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ አብረን እንሞላዋለን። የተጠቃሚዋ ልክ ተወስዷል ወይ? ለሁለት ዓመት መለዋወጫና ጥገና የሚሆን ገንዘብ ከስጦታው ጋር ተይዟል ወይ? ለፎቶው ፈቃድ የተጠየቀችው ከሥነ ሥርዓቱ በፊት፣ ለብቻዋ ነው ወይ? እምቢ ብትልስ ዊልቸሩን ታገኛለች ወይ? የሰጪው መሥሪያ ቤት መግቢያስ ዊልቸር ያስገባል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ደፋር ነው ያላችሁን ነበራችሁ፤ ተወያይተን እንዲቆይ አድርገነዋል።

ለለጋሾቻችን አንድ የሒሳብ ነገር እናክል። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይብለጥ ስለሚል፣ ጥገና የት ይመደባል እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። የተጠቃሚ ዊልቸር ማስጠገን ከዋናው ሥራ የሚቆጠር የፕሮግራም ወጪ ነው፤ በዚያው መሠረት ለብቻው የሒሳብ መደብ ከፍተንለታል። መደቡ ዛሬ ባዶ ነው።

ቅጹ ሻይ በሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ አለ። ማየት ለተሳናቸው አባሎቻችን ጸሐፊያችን ታነብላቸዋለች። አስተያየታችሁን እስከ ከሰዓት በኋላው ስብሰባ ድረስ ስጡን፤ ከሪፖርቱ ጋር ለድምፅ ይቀርባል።