ወገብ የሥራ ምሰሶ ነው፤ እንጠብቀው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የጤና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)





 በዛሬው ዕለት ስለ ግብዓት አቅርቦት፣ ስለ ምርት ግብይትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተብሏል። እኔ ደግሞ በሪፖርት ውስጥ ስለማይሰፍር አንድ ሀብት፣ ማለትም ስለ አርሶ አደሩ ወገብ፣ ጉልበትና ትከሻ ጥቂት እንድናገር ዕድሉ ስለተሰጠኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የወገብ ሕመም የእኛ አካባቢ ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ሰውን ከሥራ በማሰናከል ረገድም ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። ለእኛ ግን ነገሩ ከዚህም የቀረበ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚያርምና የሚያጭድ፣ እርፍ ጨብጦ የሚውል፣ ባለ 100 ኪሎ ኩንታል የሚሸከም አርሶ አደር፣ 20 ሊትር ውኃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ሁሉም እንጀራቸውን የሚያገኙት በወገባቸው ነው። አባወራው በዘር ወቅት ሁለት ሳምንት ቢተኛ ዘሩ ያልፍበታል፤ በአጨዳ ወቅት ቢተኛ ሰብሉ ይረግፍበታል። ጉዳቱ ከቤተሰቡ አልፎ ለማኅበሩ የሚገባውን ምርት ይቀንሳል።

ደግነቱ ይህ ሕመም በአብዛኛው አስጊ አይደለም። ከ10 የወገብ ሕመሞች 9ኙ ያህል ይህ ነው የሚባል የተለየ በሽታ የማይገኝባቸው ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳሉ። በመሆኑም በቤታችን ልናደርግ የምንችለው ብዙ ነው።

አንደኛ፣ አልጋ ላይ አለመዋል ነው። ሕመሙ በጣም በጠናበት ቀን ትንሽ ማረፍ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ ብሎ መራመድና ቀላል ቀላሉን ሥራ መሥራት ከመተኛት ይሻላል። ብዙ የተኛ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ወገብን መያዝ ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያም የሰውነት እንቅስቃሴን ሲመክር፣ የወገብ ማሰሪያ ቀበቶ በመደበኛነት እንዳይታዘዝ አሳስቧል።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ነው። በሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ፣ ቆዳን በማያቃጥል መጠን፣ በሚያመው ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግ ጡንቻን ያላላል።

ሦስተኛ፣ አነሳስን ማስተካከል ነው። ሸክም ስናነሳ እግራችንን ከፈት አድርገን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ዕቃውን ወደ ደረታችን አስጠግተን በእግራችን ኃይል እንነሳ። ሸክም ይዘን ወገባችንን አንጠምዝዝ፤ እግራችንን አንቀሳቅሰን እንዙር። በአረምና በአጨዳ ጊዜም በየመሀሉ ቀና እያልን ሰውነታችንን እናፍታታ።

አራተኛው የመድኃኒት ጉዳይ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከስምንት ፍሬ መብለጥ የለበትም። ከዚህ ከበለጠ ጉበትን ይጎዳል፤ አረቄ ለሚያዘወትር ሰው አደጋው ይጨምራል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ሕመም ቢያስታግሱም ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር እናት ባለሙያ ሳያማክሩ ሊወስዷቸው አይገባም። “መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም” የሚለው አስተሳሰብም ሊታረም ይገባዋል። መርፌው ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሳል እንጂ ሕመሙን ያመጣውን ሸክም አያቀልም።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

ቤት ውስጥ የማይታከም ሕመምም አለ። ከወገብ ሕመም ጋር እግር ከሰነፈ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ድንዛዜ ከተሰማ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚያተኩሰውና የሚከሳ ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ወይም ከብት ለሚያዋልድ ሰው፣ ትኩሳትና ቁርጥማት ሲመላለስበት፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። የጉሮሮ ሕመም የነበረበት ልጅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው ቢያብጥና ቢያመው ልብን የሚጎዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል “የእድገት ነው” ተብሎ መታለፍ የለበትም። ወጌሻ ጋ ታስሮ ጣቱ የደነዘዘ፣ የቀዘቀዘ ወይም የጠቆረ ሰው ማሰሪያው ወዲያው ላልቶለት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የዘገየ እንደሆነ እጁን ወይም እግሩን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ባይኖር እንኳ፣ ሕመሙ በጥቂት ሳምንታት ካልተሻለ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

የት እንሂድ ለሚለው፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤና ኬላን ወደ ቀበሌያችን አምጥቶልናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እናማክር፤ እርሷም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከናለች። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብም በገንዘብ እጦት ምክንያት ሕክምናውን ማዘግየት አይኖርበትም።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ በመደበኛነት በእጁ የሚሸከመው ክብደት ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ የሴቶችም ከዚህ በእጅጉ እንዲያንስ ይመክራል። እኛ የምናሸክመው ኩንታል የዚህ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ጆንያ ሲመጣልን እህላችንን በ100 ኪሎ የምንሞላው ለምንድን ነው? እህሉ በ50 ኪሎ ቢሞላ የጆንያና የስፌት ወጪ እንደሚጨምር አይካድም። ይሁንና ወገቡ ተጎድቶ የቀረ አንድ አባል የሚያጎድለው ምርት ከጆንያ ዋጋ ይበልጣል። ለመጋዘኖቻችን የእጅ ጋሪ መግዛት፣ በመኪና አልጋ ከፍታ ልክ የመጫኛ መድረክ መሥራት፣ ከባድ ሸክም ለሁለት እንዲነሳ መመሪያ ማውጣት ከማኅበሮቻችን አቅም በላይ አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤው በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲያየው በአክብሮት እጠይቃለሁ። የወረዳ አመራሮችም የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትና መርፌ በየገበያው ያለ ባለሙያ እንዳይሸጥ ክትትሉን እንድታጠናክሩ አደራ እላለሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ገበያውን በኅብረት እንደተቋቋምነው ሸክሙንም በኅብረት ማቅለል እንችላለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ እንጀምር።