የትራክተሩ ስምና የሞተሩ ቁጥር

(በአሰላ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች “ስለ ሥራህ ጥቂት አውራ” ሲሉኝ “ሥራዬ እኮ ዘይት መንካት ነው፤ ምን አወራለሁ?” አልኳቸው። “እሱኑ አውራ” አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ፒስተን ነው። ከመካከላችሁ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ ባለሙያ የሆናችሁ ታገሡኝ፤ መጨረሻ ላይ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

ጥያቄው አጭር ነው። አሮጌ ሞተር ሲበላሽ፣ የሚተካለት ዕቃ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? ቀላል ይመስላል። እኔም ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ ቀላል መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ከስህተቴ ልጀምር።

ከተመረቅሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ወሩ ሰኔ። ወደ ዲገሉ ጢጆ በኩል አንድ አሮጌ ቀይ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ቆመ። ባለቤቱ የራሱን ካረሰ በኋላ ለጎረቤት በሄክታር እያከራየ የሚኖር ሰው ነው። ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ጭሱ ሰማያዊ ነው። ከፈትነው። ፋሻው አልቋል፣ ሁለቱ ፒስተኖች ተፍቀዋል። ኮፈኑ ላይ በትልቁ “178” ተጽፏል። እኔ ደግሞ መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ ማሴ ፈርጉሰን 178 ከፋብሪካ ሲወጣ ሞተሩ ፐርኪንስ 4.248 ነው። ወዲያው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስልክ ደወልኩ፣ የባለቤቱን ገንዘብ አስላክሁ፣ ሙሉ ስብስቡ በአውቶቡስ መጣ።

ጋራዡ ውስጥ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ። ትምህርታቸው ብዙ አልገፋም፤ እጃቸው ግን መጽሐፍ ነው። ካርቶኑን ስከፍት መጡና “ኢንጂነር፣ ቁጥሩን አይተኸዋል?” አሉኝ።

“178 ነው እኮ ጋሼ።”

“የኮፈኑን አይደለም ያልኩህ። የሞተሩን።”

አላየሁትም ነበር። ፒስተኑን አንሥቼ ወደ ካሚቻው ሳስጠጋው አልገባም፤ እንደ ድስት ክዳን አፉ ላይ ቁጭ አለ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነከሩና የብሎኩን ጎን ይጠርጉ ጀመር። ከቀለሙና ከቅባቱ ሥር ፊደሎች ወጡ። “ኤል ዲ” ብለው ይጀምራሉ። ያ ማለት 4.236 ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው የ178ቱን ሞተር አውርዶ የሌላ ትራክተር ሞተር ጭኖበታል፤ ኮፈኑ ግን የድሮ ስሙን ይዞ ቀርቷል።

ሻጩ “የተከፈተ ዕቃ አይመለስም” አለ። ሁለተኛ ገንዘብ እስኪገኝ፣ ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። በዚህ መሀል ዝናቡ ገባ። የዚያን አገር ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከጠገበ ትራክተር አያስገባም። ከትራክተሩ ተረኞች አንዷ፣ ሁላችንም “አዴ” እያልን የምንጠራቸው ባል የሞተባቸው እናት ነበሩ። በሬ ተለምነው ከመሬታቸው ግማሹን ዘግይተው ዘሩ። ግማሹ ጦም አደረ። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። “ልጄ፣ ማሽኑስ ይሠራል፤ የማይጠብቀው ዝናቡ ነው” አሉኝ። ወተት ሰጥተው ሸኙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይባላል። እኔ አፈሰስኩ፤ ለቃሚዋ ግን አዴ ሆኑ።

አሁን ቴክኒኩን ልንገራችሁ። የፐርኪንስ ሞተር ስም ራሱ ይናገራል። 4.236 ማለት አራት ሲሊንደር፣ በጠቅላላው 236 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ወደ 3.9 ሊትር ነው። 4.248ም አራት ሲሊንደር ነው፤ 248 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 4.1 ሊትር። በሁለቱም ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው እኩል 127 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ከስፋቱ ላይ ነው፤ የአንደኛው 98.4 ሚሊሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 101 ሚሊሜትር ገደማ። ከውጭ ብታዩዋቸው መንትያ ናቸው። ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል በዓይን አይለይም፤ ዘር ግን ያስቀራል።

ስለዚህ የሚነበበው በብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች የሞተሩን ዓይነት ይናገራሉ፤ “ኤል ዲ” ለ4.236፣ “ኤል ኤፍ” ለ4.248፣ “ኤል ጄ” ደግሞ ቱርቦ ላለው 4.236። ይህ የመጨረሻው ሌላ ወጥመድ ነው፤ ስፋቱ ቱርቦ ከሌለው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ፒስተኑ ይለያል። ከፊደሎቹ ቀጥሎ የዕቃ ዝርዝሩ ቁጥር፣ የተሠራበት አገር ምልክት፣ የሞተሩ ተራ ቁጥርና የዓመቱ ፊደል ይመጣሉ። ዕቃ ስታዙ ቁጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስጡ፤ ግማሹን ብቻ መስጠት ደብዳቤን ያለ አድራሻ ፖስታ ቤት እንደ መጣል ነው።

አርሲ ውስጥ ይህ ነገር ለምን እንዲህ በረታ ብትሉ፣ ታሪካችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት ካዱ፣ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሥራ ሲጀምር ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር የእርሻ መሣሪያም በዚህ ደጋ ተስፋፋ። በግል ባለመሬቶች እጅ ትራክተር ሲበዛ ጭሰኛው የተፈናቀለበት መራራ ታሪክም አብሮ አለ። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች መጡ፤ ናዝሬት ላይ የሚገጣጠመው ቤላሩስ ትራክተርም መጣ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከየአገሩ ያገለገለ ትራክተርና ኮምባይነር ገባ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንዱ የአንዱን ሞተር፣ አንዱ የአንዱን ኮፈን ሲዋስ ኖሯል። “ስምን መልአክ ያወጣዋል” የሚባለው ለሰው ነው። የትራክተርን ስም የሚያወጣው ቀለም ቀቢ ነው። ሊብሬውም ቢሆን ሞተር በተቀየረ ቁጥር ካልታረመ ያሳስታል።

ቁጥሩን ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ ለኩ። ቁጥሩ ሞተሩ ሲወለድ ምን እንደነበረ ይነግራችኋል፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ደረሰበት አይነግራችሁም። ክራንክ ሻፍቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተቆረጠ በ0.25 ሚሊሜትር፣ ሁለቴ ከሆነ በ0.50 ሚሊሜትር ይቀጥናል፤ የሚገባለት ኩሽኔታም በዚያው ልክ ወፍራም መሆን አለበት። የወጣውን ኩሽኔታ ከመጣላችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ልኩ ተመትቶበታል። ከዚያም ክራንክ ሻፍቱን ራሱን በማይክሮሜትር ለኩ፤ የቀደመው መካኒክም እንደ እኔ ተሳስቶ ሊሆን ይችላልና። የቤላሩሱ ዲ-240 ሞተር ደግሞ የራሱ አመል አለው። ፒስተኑና ካሚቻው ሁለቱም 110 ሚሊሜትር ቢባሉም ፋብሪካው ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ብሎ በሦስት ምድብ ይለያቸዋል፤ ምድቡም በሩሲያ ፊደል ተመትቶባቸዋል። የሁለቱ ፊደል ካልገጠመ፣ ዕቃው አዲስም ቢሆን ጋብቻው አይሰምርም።

አንድ የአሰላ ጉዳይ ልጨምር። ወጣት መካኒክ የኮምፕሬሽን መለኪያ ይሰካል፣ መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር በጣም ያነሰ ያገኛል፣ “ፋሻው አልቋል፣ ይከፈት” ይላል። ቆይ! መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ወለል አጠገብ ላለ ሰው ነው። እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት እዚያ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መጽሐፉ 100 የሚልበት ቦታ ጤነኛ ሞተር እዚህ 75 አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጡ። መመልከት ያለባችሁ የአራቱን ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ከወረደ፣ በሽታው እዚያ ነው። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ግን ከመክፈታችሁ በፊት ከፍታውን አስቡ። ከሁሉ የሚረክሰው መለዋወጫ ያልተገዛው ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የክፍላችን ልጅ የነበረ፣ አሁን ውጭ አገር የሚኖር ወዳጄ፣ አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ገዛ፤ ኤም ጂ ቢ። የ1964 ነው ብለው ሸጡለት። ክራንክ ሻፍት ሊያዝ ሲል ሌሊት ደወለልኝ። “አንተ የትራክተር ሰው ነህ፣ ግን እስቲ…” አለኝ። ሳቅሁና “ቁጥሩን አይተኸዋል?” አልኩት። የጋሼ ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የዚያ መኪና ሞተር 1,798 ሲሲ ነው፤ መጠኑ ባይለወጥም የመጀመሪያዎቹ ክራንክ ሻፍታቸው በሦስት ዋና ኩሽኔታ ላይ ይዞራል፣ ከ1964 መጨረሻ ወዲህ ያሉት በአምስት። የአንዱ ለሌላው ከቶ አይገባም። “18 ጂ” ወይም “18 ጂ ኤ” ብሎ ከጀመረ ባለ ሦስት፣ “18 ጂ ቢ” ካለ ባለ አምስት ነው። ጠዋት ፎቶውን ላከልኝ፤ 18 ጂ ቢ። በመኪናው ዓመት ተማምኖ ሊያዝ የነበረው የባለ ሦስቱን ነበር። የእሱ ቢሳሳት የሚቀርበት የእሑድ ሽርሽር ነው፤ የአዴ ግን የዓመት ቀለብ። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ወደ እናንተ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ሐኪሞች፣ ደም ከመስጠታችሁ በፊት የበሽተኛውን ስም አይታችሁ ዓይነቱን አትገምቱም፤ ትመረምራላችሁ፣ ካርዱ ላይም ትጽፋላችሁ። ለእርሻ ማሽኖቻችን የጎደለን ያ ካርድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መምህሮቻችንን፦ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ በየወረዳው ሲወጡ ለሚያገኙት ለእያንዳንዱ ትራክተርና ኮምባይነር አንድ ደብተር ይክፈቱለት። ሙሉ የሞተር ቁጥሩ፣ የሲሊንደሩ የተለካ ስፋት፣ የኩሽኔታው ልክ፣ መቼ እንደተከፈተና ማን እንደከፈተው ይጻፍ። ወጪው ደብተርና እስክርቢቶ ነው። አንዱ ኮፒ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለግቢያችን። የቀድሞ ተማሪዎችን ደግሞ፦ ቤታችሁ ውስጥ አቧራ የጠጣ የጥገና መጽሐፍ ካለ አምጡት። ውጭ ያላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ቀይ ትራክተር ግን ዘንድሮም አርሷል። ደብተሩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር አለ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የእኔ ጽሑፍ ነው። ባለቤቱን “ኮፈኑ ላይ ያለውን 178 እናጥፋው እንዴ?” አልኩት። “ተው፣ ስሙን አትንካብኝ” አለኝ። እሺ፣ ስሙ ይቆይለት። ቁጥሩን ጽፈናል።