ከመሰላል ወደ ጣሪያ



እኛ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽና የሶላር ፓነል እየተከልን የምንተዳደር ነን። ባለፈው መስከረም ጓደኛችን የወደቀው ሲወጣ አይደለም፤ ሥራውን ጨርሶ ለመውረድ እግሩን ወደ መሰላሉ ሲያሻግር ነው። የመሰላሉ ጫፍ ከጣሪያው ጠርዝ እኩል ስለነበር እጁ የሚጨብጠው አጣ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ከጠርዙ በላይ 3 ጫማ ይትረፍ የሚለው ለዚህ ነው። ለ4 ጫማ ቁመትም እግሩ 1 ጫማ ከግድግዳው ይራቅ፤ ጫፉ ይታሰር። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት የአሉሚኒየም መሰላል ፈጽሞ አይቁም። ፓነል ተሸክማችሁ አትውጡ፤ በገመድ ይሳብ።

ክፍያው በቤት ቁጥር ስለሆነ ያስቸኩላል፤ እኛም ስንቸኩል ኖረናል። ጓደኛችን ዛሬ በምርኩዝ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ማሰሪያ ገመድ ለሌላችሁ ከበሩ አጠገብ አስቀምጠናል፤ ስትወጡ ውሰዱ።