የአንድ ቤት ልጆች፣ ልዩ ልዩ ጸጋ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ብዙዎቻችን ወላጆች ልጅ ሲደክም «ወንድምህን አታየውም?» ማለት ይቀናናል። እኛ የመድረሳ አስተማሪዎችም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። ቶሎ የሚሐፍዘውን እናወድሳለን፤ ከሰፈር ሰፈር ዞሮ ሶማሊኛውንም፣ አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም ለምዶ የሚመጣውን ግን «ባካኝ» እንለዋለን። ጸጋን የሚያከፋፍለው አላህ መሆኑን እንረሳለን።

እስኪ የአቡ ጧሊብን ልጆች እንመልከት። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሙስሊሞች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ተከትለዋቸው መጡ፤ «ይመለሱልን» አሉ። በነጃሺ ፊት ቆመው ለሁሉም የተናገሩት ጀዕፈር (ረ.ዐ.) ናቸው። ከሱረቱ መርየም ቀሩ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥም አለቀሰ፤ ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም። ጀዕፈር ሃይማኖታቸውን አልደበቁም፤ ሰሚው የሚያውቀውን አንስተው ግን ልቡን ከፈቱ።

ወንድማቸው ዐሊይ (ረ.ዐ.) ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ መካ ቀርተው፣ በእርሳቸው ዘንድ የተቀመጠውን አደራ ለየባለቤቱ መለሱ። ከባለአደራዎቹ መካከል ገና ያልሰለሙ መካውያን ነበሩ። ሃይማኖታቸው ሌላ ነው ተብሎ አደራቸው አልተበላም።

ሦስተኛው ወንድም ዐቂል (ረ.ዐ.) ዘግይተው ቢሰልሙም የቁረይሽን የዘር ሐረግ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን የሕዝቡ መዝገብ ሲዘጋጅ፣ ድርሻው ለየባለመብቱ እንዲደርስ ነገዶቹን ከመዘገቡት አንዱ እርሳቸው ናቸው። በእኛም አገር ሶማሌው «አብቲርሲ» የሚለው የአባቶች ቆጠራ የሚያምረው ለዝምድናና ለመብት ሲውል እንጂ ለጉራ ሲሆን አይደለም።

አንዱ በአንደበቱ፣ አንዱ በታማኝነቱ፣ አንዱ በዕውቀቱ ሰው ዘንድ ደረሰ። አባታቸው ሦስቱንም በአንድ ልክ ቢቀርጽ ኖሮ የትኛው በር ይዘጋ ነበር?

ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ምን እንደለመኑም አስታውሱ። ሃሩን በንግግር ከእርሳቸው የተሻሉ መሆናቸውን ገልጸው፣ «ረዳት አድርግልኝ» ሲሉ ጌታቸውን ጠየቁ። የወንድምን ብልጫ አይቶ ሐሰድ ያልገባው ቀልብ እንዲህ ይለምናል። የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወንድሞች ግን በምቀኝነት ወንድማቸውን ጉድጓድ ጣሉ።

አድማጮቻችን፣ ይህን የምንናገረው በጅግጅጋ ሆነን ነው። እዚህ ሶማሌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 በከተማችን የተጀመረውን ግፍም አንረሳም። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። ንጹሕ ሰው መግደልና የሰው አምልኮ ቤት ማቃጠል ከዲናችን አይደለም። ጎረቤትን በስሙ ማወቅ፣ በቋንቋው ሰላም ማለት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያኔ ተምረናል። «ባካኝ» ያልነው ልጅ ያን ሀብት ይዞ ኖሯል።

ስለዚህ በጅግጅጋም፣ በቀብሪበያህም፣ በአውበሬም፣ በቶጎ ውጫሌም ያላችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አንድ በአንድ አስቡ። ቋንቋ የሚቀናውን የታመመ ጎረቤት ሲጠየቅ ይዛችሁት ሂዱ። ሒሳብ የማያዛባውን ሱቅ አስቀምጡት፤ ሌላ ሃይማኖት ያለው ደንበኛም በሚዛኑ ይመነው። ዘመድ የምትቆጥረዋን ልጅ የተጣላ ሲታረቅ አጠገባችሁ አስቀምጧት። የሚሐፍዘውም ይሐፍዝ፤ ግን እህቱን አይናቅ።

እናንተም ልጆች፣ የወንድማችሁን ጸጋ ስታዩ እንደ ሙሳ ለምኑ።

አላህ ቤቶቻችንን የፍቅር፣ ከተማችንን የሰላም ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።